መላጣው ክብ

በሕይወቴ የሰረቅኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የሰረቅኩትም መግል ነው። ከረሜላ ወይም እርሳስ ቢሆን ያባት ነው። እኔ ግን ስምንት ዓመት ሊሞላኝ ሁለት ወር ሲቀረኝ፣ ከአንድ አናጢ ጣት የተወሰደ መግል የተዘራበትን የብርጭቆ ሳህን ከነክዳኑ ሹራቤ ውስጥ ሸሽጌ፣ ሆዴ ላይ ለጥፌ፣ በላቦራቶሪ ኮሪደር ላይ ምንም እንዳላደረገ ሰው ተራመድኩ። አክስቴን ማዳኔ ነበር። ዛሬ እንጀራዬ እንዲህ ያሉ ሳህኖችን እያነሱ መመርመር ስለሆነ፣ ያን ቀን ምን ዓይነት ጉድ ታቅፌ እንደነበር ከማንም በላይ አውቃለሁ።

አክስቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። እናቴ «እትዬ» ትላታለች፤ ሰፈሩም እናቴን ተከትሎ «እትዬ» ይላታል፣ በዕድሜ የሚበልጧት ሳይቀሩ። ሥራዋ ቁስል ማከም ነበር፤ ከቁስል ውጪ ሌላ ነገር አትነካም። ራስ ምታት ይዞት የመጣ ሰው «እኔ ጋ ምን አመጣህ?» ተብሎ ይመለሳል። የብየዳ ሠራተኛው ቅልጥም፣ የልብስ ሰፊዋ መርፌ የወጋው ጣት፣ ከብስክሌት የወደቁ ልጆች ጉልበት፣ ሁሉም በእሷ እጅ አልፏል። እኔም ትምህርት ቤት ውስጥ የማንንም ጠባሳ አይቼ «ይሄ የአክስቴ ነው» እል ነበር፤ የራሴ ሥራ ይመስል ደረቴን ነፍቼ።

መድኃኒቷ አንድ ቅጠል ነው። በጓሯችን አጥር ጥግ ይበቅላል፤ ከሥሩ ጸጉራም ነው፤ ሲታሽ የተቆረጠ ሎሚና የዛገ ሚስማር ይሸታል። ስሙን ለማንም አትናገርም፤ እኛ ቤት «ቅጠሉ» ነው። ጤዛው ከደረቀ በኋላ ትቀጥፈዋለች፤ ፀሐይ በማይገባበት ዕቃ ቤት ውስጥ በገመድ ትሰቅለዋለች፤ ሲደርቅ በሙቀጫ ወቅጣ በሸክላ ማሰሮ ውስጥ በቀዝቃዛ ውሃ ትነክረዋለች። ጠዋት የነከረችውን፣ የበራችን ጥላ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ በነጭ ጨርቅ ታጠልለዋለች። ቁስል ከመንካቷ በፊት እጇን እስከ ክርኗ ድረስ ሁለት ጊዜ በሳሙና ትታጠባለች። መሃል ላይ ካስወራኋት እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምራለች። «ሬዲዮ፣ ዝም በይ» ትለኛለች ያኔ። ሬዲዮ ያለችኝ አፌ ስለማይዘጋ ነው።

አናጢው ወደ ቤታችን የመጣ ቀን በሩ ላይ ነበርኩ። እጁን በአሮጌ ጨርቅ ጠቅልሎት ነበር። አክስቴ ጨርቁን ፈታ አየችው፤ ወዲያው መልሳ ጠቀለለችው፤ ከዚያ በትከሻው ይዛ ወደ በሩ ገፋችው። «ውጣ። ዛሬ ነው የምትሄደው፤ ነገ እንዳትለኝ። ሁለተኛ እዚህ ደጃፍ እንዳላይህ» አለችው። አክስቴ ሰው ስታባርር አይቼ አላውቅም ነበር። ካቻምና የሠራልን ወንበር ስለሚንገዳገድ የተቀየመችው መሰለኝ፤ ለጓደኞቼም እንደዚያው ብዬ አወራሁ።

ነገሩን የተረዳሁት ካደግኩ በኋላ ነው። መሮው የጣቱ መገጣጠሚያ ድረስ ገብቶ አጥንቱ ይታይ ነበር። አክስቴ አጥንት የነካ ቁስል አታክምም፤ ወደ ሆስፒታል ትልካለች። አናጢው ግን ሆስፒታል ፈርቶ ወደ ቤቱ ሄደ፤ ማታ ማታ ከአጥራችን ቅጠል እየቀጠፈ ራሱን ሲያክም ሰነበተ። በአሥራ አምስተኛው ቀን ጣቱ ተቆረጠ። በአሥራ ስድስተኛው ቀን ሰፈሩ ውስጥ «የእትዬ ቅጠል ጣት አስቆረጠ» ተባለ።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ ቤታችን መጣ። ጨዋ ሰው ነበር፤ ያንኑ የሚንገዳገድ ወንበር ይዞ ተቀመጠ፤ በየዓረፍተ ነገሩ መሃል ወንበሩ ቀጭ ይል ነበር።

«እትዬ፣ እኔ በክፋት አይደለም የመጣሁት» አለ። «ግን ቅጠሉ ሳይመረመር ከእንግዲህ ሰው ማከም አይችሉም።»

«ይመርመራ» አለች አክስቴ።

«ካልሠራስ?»

«ቅጠሌ ካሳፈረኝ እጄን አጥፌ እቀመጣለሁ። ሰው አልነካም።»

ይህን ስትል ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። እጆቿን ሥራ ፈትተው አይቼያቸው ስለማላውቅ ፈራሁ። ያለ ቁስል አክስቴ ማን እንደምትሆን አላውቅም ነበር፤ እሷም የምታውቅ አይመስለኝም።

እናቴ በአንድ ኮሌጅ ላቦራቶሪ ውስጥ ብርጭቆ አጣቢ ነበረች። ጠርሙሱን፣ ቱቦውን፣ ሳህኑን በእንፋሎት ድስት ቀቅላ፣ አጥባ፣ አድርቃ፣ በእስክሪብቶ ምልክት ጽፋ መደርደር ነው ሥራዋ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ዕቃ አልሰበረችም፤ የላቦራቶሪውን ዶክተር ግን ከ«እንደምን አደሩ» በቀር አናግራቸው አታውቅም። ኃላፊው በሄደ ማግስት የዶክተሩን በር አንኳኳች። እናቴ በር ስታንኳኳ ድምፁ አይሰማም፤ ያን ቀን ሦስት ጊዜ መድገም ነበረባት።

ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር እኔም አብሬያት ሄጄ ነበር። የሰማሁት ግማሹን ነው። «እህቴ ናት» አለች። «አትዋሽም» አለች። ዶክተሩ ቁመታቸው ረጅም፣ ጫማቸው ሁልጊዜ ኖራ የነካው የሚመስል ሽማግሌ ነበሩ፤ መዝገባቸውን አገላበጡ።

«የአናጢው መግል ናሙና እኛ ጋ አለ፤ ሆስፒታሉ ልኮልናል» አሉ በመጨረሻ። «በእሱ ላይ እንሞክረዋለን። ግን የወጣውን ነው የምጽፈው፤ የወደድሽውን አይደለም።»

«እሱን ነው የምፈልገው» አለች እናቴ። ቅጠሉን በወረቀት ከረጢት ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጣ ወደ ማጠቢያዋ ሮጠች።

የላቦራቶሪው ቴክኒሻን ባለጓንቱ ይባላል። ሻይ ሲጠጣ እንኳ አንዱን ጓንት ብቻ ነው የሚያወልቀው። ልጅ ይወድ ነበር መሰለኝ፣ የምጠይቀውን ሁሉ ይመልስልኛል። ጥግ ላይ የምትሞቅ፣ ፍሪጅ የምትመስል ሳጥን ነበረች።

«ምንድን ነው ያለው ውስጧ?» አልኩት።

«የምናሳድጋቸው ነገሮች።»

«ምን ይበላሉ?»

«የሥጋ መረቅ። አንዳንዶቹ ስኳር ይወዳሉ።»

ከፍቶ አሳየኝ። ክዳን ያላቸው የብርጭቆ ሳህኖች ተደርድረው ነበር፤ በአንዱ ላይ ወፍራም ቅባት የመሰለ፣ የሚያብረቀርቅ ክሬም ቀለም ያለው ነገር ጥግ እስከ ጥግ ሞልቷል። ሽታው የቦካ ሊጥ ዓይነት ነው። ዶክተሩ በዚያው አለፉና «አደጉ?» ብለው ጠየቁ። «ግጥም ብለው አድገዋል ዶክተር» አለ ባለጓንቱ። «ጥሩ» አሉ ዶክተሩ።

እኔም በልቤ መዘገብኩ፤ እዚህ ቤት ሥራው ማሳደግ ነው፤ የሞላ ጥሩ ነው፣ ያልሞላ መጥፎ ነው። በጓሯችንም፣ በትምህርት ቤቱ የአበባ መደብም ሕጉ ይኸው ስለሆነ የምጠራጠርበት ምክንያት አልነበረኝም። ባለጓንቱ ያን ቀን «አድገዋል» ያለው፣ ሁሉም ነገር በትክክል መሥራቱን ለማረጋገጥ ሆን ተብሎ ያለ መድኃኒት ስለሚተው ሳህን ነው። ይህን ግን ለእኔ አላስረዳኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ሬዲዮ ያወራል እንጂ አያዳምጥም።

ከዚያ የአክስቴን ቅጠል ከከረጢቱ አወጣ። በመቀስ ከታተፈው፤ ጠርሙስ ውስጥ ከተተው፤ ውሃ ጨመረበት፤ እሳት ላይ ጣደው። ውሃው ቡናማ ሆኖ ሲንተከተክ ክፍሉ በሙሉ የቤታችንን ዕቃ ቤት ሸተተ። ደስ አለኝ። አክስቴ ላቦራቶሪ የገባች መሰለኝ።

በሦስተኛው ቀን እናቴ ከሥራ ስትመለስ ፊቷ ሌላ ሆኖ ነበር። አክስቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ብየዳ ሠራተኛውና ልብስ ሰፊዋም ወሬውን ሊሰሙ መጥተዋል።

«እትዬ፣ አልሠራም» አለች እናቴ።

ልብስ ሰፊዋ ተነሣች፤ ብየዳ ሠራተኛውም ቆብ ሳይኖረው እጁን ወደ ራሱ አንሥቶ እንደ ስንብት አደረገና ተከተላት። አክስቴ ወደ ዕቃ ቤት ገባች። ተከትያት ስገባ የተሰቀሉትን ቅጠሎች አንድ በአንድ ከገመዱ እያወረደች፣ እንደ ታጠበ ልብስ እያጠፈች ትደረድራቸው ነበር። አታለቅስም። ቢሆንም አንገቷን እንዲያ ስትደፋ አይቼ አላውቅም፤ ሆዴ ባባ። እኔ ደግሞ ሆዴ ሲባባ አወራለሁ።

እናም ያየሁትን ሁሉ ዘረገፍኩላት። የምትሞቀውን ሳጥን፣ የሥጋ መረቁን፣ የባለጓንቱን ሻይ፣ መቀሱን፣ ጠርሙሱን፣ እሳቱን። «ሲንተከተክ ብታዪው፣ ልክ እኛን እኛን ይሸት ነበር» አልኳት።

እጇ ገመዱ ላይ ቀጥ አለ።

«ምን አልሽ? ቀቀሉት?»

«አዎ። ብዙ ሰዓት።»

«እማማ!» ብላ ጠራች፤ ታናሽ እህቷን ነው፤ ሲያስደንቃት እንደዚያ ነው የምትጠራት። እናቴ ሮጣ መጣች። «አንቺ፣ ቅጠሌን ቀቀሉት እንዴ?»

እናቴ አፏን ያዘች። ቅጠሉን ሰጥታ ስለሮጠች አላየችም፤ እንዴት እንደሚዘጋጅም ለመናገር አላሰበችም። «ዶክተር ያውቃል ብዬ» አለች ቀስ ብላ። የላቦራቶሪ ሰው ሁሉን ነገር ከመቀቀል ይጀምራል፤ እናቴም ስትቀቅል ነው የምትውለው፤ መቀቀል እነሱ ዘንድ ንጽሕና ነው። በዚያ ቤት ውስጥ አንድም ሰው ስህተት የሠራ አልመሰለውም።

«እኔ ዓመት ሙሉ ከፀሐይ የማሸሸውን እነሱ እሳት ላይ ጣዱት» አለች አክስቴ። «እሱ ሾርባ ነው እንጂ የኔ ቅጠል አይደለም።» ከዚያ የወረዱትን ቅጠሎች እንደገና መስቀል ጀመረች። ወደ እኔ ዞር ብላ «ሬዲዮ፣ ጥሩ ጫማዬን ፈልጊልኝ» አለች። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

በማግስቱ ሙቀጫዋን በፎጣ ጠቅልላ፣ ማሰሮዋን አዝላ ላቦራቶሪው ገባች። እናቴ ከኋላዋ ሁለት እርምጃ ርቃ ትሄዳለች፤ እኔ መሃላቸው ነኝ። ዶክተሩ ሲያዩን ተነሡ።

«ከሙቀጫ ጋር ነው የመጡት?» አሉ።

«የናንተ መቀስ አይሆንልኝም ዶክተር። ሙያዬን እዚሁ እርስዎ ፊት እሠራለሁ፤ እርስዎ ደግሞ ይጻፉ። ከዚያ በኋላ አልሠራም ካሉኝ አምናለሁ።»

መጀመሪያ እጇን ታጠበች፤ እስከ ክርን፣ ሁለቴ። ባለጓንቱ ጓንት ሲያቀርብላት «እጄን ካጠብኩ በኋላ ሌላ እጅ ለምን እለብሳለሁ ልጄ?» አለችው። ዶክተሩ ሳቁ፤ እሱ አልሳቀም። ውሃ ስትጠይቅ ከአንድ ትልቅ ጠርሙስ ቀዱላት፤ ቀመሰችና «ይሄ ውሃ ምንም አይልም» አለች። «የተጣራ ነው» አሏት። «ይሁን» አለች።

ዶክተሩ ደብተር ከፍተው ይጠይቁ ጀመር። መቼ ይቀጠፋል? ለምን በጥላ? ስንት እፍኝ? ለምን በቀዝቃዛ? አክስቴ እየወቀጠች ትመልሳለች። «ሽታው ነው ሥራውን የሚሠራው። ፀሐይ ሽታውን ይወስደዋል፤ ሽታው የሄደ ቅጠል ገለባ ነው።» እኔ ፖሊስ ሰው ሲመረምር ያየሁት እንደዚህ በደብተር ስለነበር፣ ጥግ ይዤ ዶክተሩን በክፉ ዓይን አያቸው ነበር። ያ ደብተር አሁን በፎቶ ኮፒ እኔ ዘንድ አለ። በጠበበ ጽሕፈት አሥራ አንድ ገጽ ነው፤ አንድም ቃሏን አላሳጠሩም። በአንዱ ገጽ ጠርዝ ላይ «ሙቀት ያጠፋዋል፤ እርሳቸው በአፍንጫቸው ደርሰውበታል፤ እኛ መጠየቅ ነበረብን» ይላል።

የጥላው ነገር ብቻ አስቸገረ። ላቦራቶሪው ውስጥ ጥላ የሚቆጥር በር የለም። አክስቴ የእናቴ ማጠቢያ ክፍል በር ላይ ሄዳ ቆመች፤ ፀሐዩን አየች፤ በጫማዋ ጫፍ መሬቱን አጭራ «እዚህ ሲደርስ» አለች። ዶክተሩ ሰዓታቸውን ይዘው ጠበቁ። ጥላው ሲደርስ «አምስት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ፈጀ» ብለው ጻፉ። አክስቴ አጠለለችው። ባለጓንቱ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል ክብ ወረቀት ውሃው ውስጥ ነክሮ፣ አድርቆ፣ መግሉ በተዘራበት ሳህን መሃል አስቀመጠና ሳጥኗ ውስጥ አስገባ። ክዳኑ ላይ «4» ተብሎ ተጻፈ።

«ነገ ጠዋት» አሉ ዶክተሩ።

ነገ ጠዋት እኔና እናቴ ቀድመን ደረስን። እናቴ ወደ ማጠቢያዋ ገባች። ባለጓንቱ አራቱን ሳህኖች ከሳጥኗ አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ደረደራቸው፤ «እንዳትነኪ» አለኝና ዶክተሩን ሊጠራ ሄደ። እኔም አልነካሁም፤ መጀመሪያ ላይ።

አንደኛው ሳህን ጥግ እስከ ጥግ ሞልቷል፤ ጎበዝ። ሁለተኛው መሃሉ ላይ ወረቀት አለው፤ ግን ወረቀቱ ሥር ድረስ ሞልቷል፤ እሱም ጎበዝ። ሦስተኛው ወረቀቱ ዙሪያውን ምንም ያልበቀለበት ትልቅ መላጣ ነበር። የሦስተኛው አክስት ማን እንደሆነች ባላውቅም አዘንኩላት። ከዚያ አራተኛውን አየሁ።

አራተኛውም መላጣ ነበር። ነጩ ነገር ከዳር ከዳር በደንብ አድጎ፣ የአክስቴ ወረቀት አጠገብ ሲደርስ ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል። ወረቀቱ ዙሪያ ባዶ ክብ፤ ሣር ላይ የፈላ ውሃ የተደፋበት ቦታ ይመስላል። አክስቴ በጥሩ ጫማዋ እየመጣች ነው፤ ዶክተሩ ደብተራቸውን ይከፍታሉ፤ «የወጣውን ነው የምጽፈው» ብለዋል፤ አክስቴ ደግሞ እጇን አጥፋ ትቀመጣለች። ሳህኑን አነሣሁት። የሳጥኗ ሙቀት ገና አልለቀቀውም ነበር። ሹራቤን ገልጬ ሆዴ ላይ ለጠፍኩት፤ በክንዴ ደግፌ ወጣሁ።

ኮሪደሩ ላይ ከአክስቴ ጋር ተገጣጠምን። «ሆድሽን ምን ሆንሽ?» አለችኝ።

«ቁርጠት ነው።»

«ጠዋት ያለ ቁርስ ስትወጪ ነው» አለችና እጄን ይዛ መልሳ አስገባችኝ። ከዚያ በኋላ መውጫ አልነበረኝም።

ባለጓንቱ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ቆጠረ። ጠረጴዛው ሥር አየ። ሳጥኗን ከፈተ። «አራት ቁጥር እዚህ ነበር ዶክተር፤ አሁን አስቀምጬው ነው የወጣሁት» አለ። ዶክተሩ ክፍሉን በዓይናቸው ዞሩና ዓይናቸው እናቴ ላይ አረፈ፤ ጫጫታውን ሰምታ እጇ በአረፋ እንደተሸፈነ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«የሚታጠብ መስሎሽ ድስቱ ውስጥ ጨምረሽው ይሆን?» አሏት። ቁጣ አልነበረም፤ ግን ጥያቄው ተጠይቋል።

«አልነካሁም ዶክተር።»

«ምናልባት ሳታስቢ...»

«ዘጠኝ ዓመት አንድ ዕቃ አላጠፋሁም» አለች እናቴ። ድምፅዋ ቀጭን ነበር። አረፋው ከክርኗ ላይ መሬት ይንጠባጠባል። አክስቴ እህቷን አየች፤ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ባዶ ቦታ አየች።

ሆዴ ላይ ያለው ሳህን ከበደኝ። ዝም ብል እናቴ ትዋረዳለች፤ ብናገር አክስቴ ትዋረዳለች። ለእንዲህ ያለ ነገር ሬዲዮ አልተሠራም። የተናገርኩት አስቤ አይደለም፤ የእናቴ ክርን ሲንጠባጠብ ማየት አቅቶኝ ነው።

«እኔ ጋ ነው» አልኩ፤ ሹራቤን ገለጥኩ።

ባለጓንቱ ፊቱ ወረቀት መሰለ። «እንዳትንቀሳቀሺ» አለና በሁለት እጁ ሳህኑን ተቀበለኝ። ክዳኑ አልተከፈተም ነበር፤ እግዜር ይመስገን። ያም ሆኖ ሹራቤን አወለቁት፤ ሆዴን በሳሙና፣ ከዚያ በአልኮል አጠቡት፤ እኔ በስርቆት የሚቀጡኝ በዚህ መሰለኝ። ሹራቡ የእናቴ የእንፋሎት ድስት ውስጥ ገብቶ ለአሻንጉሊት የሚሆን ሆኖ ወጣ።

«ለምን ወሰድሽው?» አለች አክስቴ።

«መላጣ ሆነ» አልኳት፤ ለቅሶዬ መጣ። «የሌሎቹ አድጓል፤ ያንቺ አላደገም። እንዳታፍሪ ብዬ ነው።»

ዶክተሩ ሳህኑን ወደ መስኮቱ ይዘው ሄዱ፤ ብርሃን ላይ አነሡት፤ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው እንደገና አዩት። ከዚያ ወንበር ሳቡና እኔን አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«ይሄ ነጩ ምን ይመስልሻል?» አሉኝ።

«ያሳደጋችሁት ነው።»

«አዎ፣ እኛ ነን ያሳደግነው። የአናጢውን ጣት የበላው እሱ ነው። አንደኛው ሳህን ምንም አልተደረገበትም፤ ሁለተኛው ላይ ያለው ያ የተቀቀለው ቅጠል ነው፤ ሁለቱን እንዴት እንደወረረ አየሽ? የሚያቆመው አላገኘም።» ጣታቸውን በመላጣው ጠርዝ ላይ በክዳኑ በላይ አዞሩት። «እዚህ ጋ ግን አክስትሽ ቆመዋል። ማለፍ አልቻለም።»

ለመረዳት ጊዜ ፈጀብኝ። ስምንት ዓመት ገደማ የኖርኩበት ሕግ በአንዴ ተገለባበጠ። አክስቴን አየኋት፤ እሷ ግን እኔን አላየችኝም፤ ያንን ባዶ ክብ ነበር የምታየው።

ዶክተሩ ማስመሪያ አስመጡ። «ሃያ አንድ ሚሊሜትር» አሉ፤ ባለጓንቱ ጻፈ። ሦስተኛውንም ለኩ። «ሃያ ስድስት። ይሄ የሆስፒታሉ መድኃኒት ነው፤ ለማነጻጸር።»

«በአምስት በለጠኝ?» አለች አክስቴ።

«እሱን የሠራው ፋብሪካ ነው እትዬ፤ የእርስዎን ሙቀጫ።» እትዬ አሉ፤ ዶክተሩም። ከዚያ ፊታቸው ኮስተር አለ። «ልዋሽዎት አልፈልግም። ብርጭቆ ላይ የሠራ ሁሉ ሰው ላይ ይሠራል ማለት አይደለም፤ ገና ብዙ ይቀረናል። ለኃላፊው ግን ያየሁትን እጽፋለሁ። ላይ ላዩን ቁስል ያክሙ፤ አጥንት የነካውን ይላኩ ብዬ።»

«ድሮስ እልክ የለ እንዴ? አናጢውን ገፍትሬ አይደል ያስወጣሁት? ቅጠሉን ከአጥሬ ሰርቆ ቀቅሎ ነው እንጂ የተጫወተበት» አለች። ይህን ለአክስቴ የነገረቻት ሚስቱ ናት፤ እሱም ኋላ አመነ፤ የፈላ ነገር ይሻላል ብለው ነው። በዘጠኝ ጣቱ የማይንገዳገድ ወንበር ሠርቶ ራሱ ተሸክሞ አመጣልን።

ባለጓንቱ በውጤቱ ወረቀት ላይ «ናሙና አራት» ብሎ ሊጽፍ ሲል ዶክተሩ እጁን ያዙት። «ባለቤት ያለውን ነገር በቁጥር መጥራት ነውር ነው» አሉና ወደ እናቴ ዞሩ። «የዚህ ቤት ዕቃ ላይ የምትጽፊው አንቺ ነሽ። ጻፊ።»

እናቴ እጇን በሽርጧ አደረቀች። ክዳኑ ላይ ያለውን «4» በጨርቅ ጠርጋ አጠፋች። ከዚያ በዚያ በተስተካከለ የእጅ ጽሕፈቷ የእህቷን ስም ከነአባቷ ጻፈች። የአባታቸው ስም የራሷም ነው፤ ሲጽፈው እጇ ትንሽ ዘገየ። ስትጨርስ ቀና አለች፤ በዚያ ክፍል ውስጥ እናቴ እንደ ቁመቷ ስትቆም ያን ቀን ገና አየሁ። እኔም አለቀስኩ፤ ደስታ እንደሚያስለቅስ ያወቅኩት ያኔ ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ አክስቴ በመሃል መንገድ ላይ ቆመች። የኔን እጅ ለቀቀች፤ ጎንበስ ብላ ዓይኔን አየችኝ። ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅኩ።

«ሬዲዮ» አለች።

«አቤት።»

«ሁለተኛ እንዳትደብቂኝ።»

ቤት ስንደርስ ደጃፉ ላይ ልብስ ሰፊዋ ልጇን ይዛ ቆማ ነበር፤ ጉልበቱ ደምቷል። አክስቴ ጥሩ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ሳሙናዋን ጠየቀች።

አሁን የምሠራው የወተት ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው፤ በየቀኑ አርባ ሳህን አነሣለሁ። ሥራ ሊቀጥሩኝ ሦስት ሰዎች ፊት ያስቀመጡኝ ዕለት፣ አንደኛው «እንዲህ ያለ ሳህን ለመጀመሪያ ጊዜ የያዝሽው የት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። የኮሌጄን ስም ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር፤ ያ ነበር የሚጠበቀው። ግን አክስቴ መንገድ ላይ ጎንበስ ብላ ታየችኝ። «ሆዴ ላይ» አልኳቸው፤ ከዚያ ከመጀመሪያው ጀምሬ አወራሁላቸው፤ ሙቀጫውን፣ ማሰሮውን፣ የብርጭቆ አጣቢዋን እጅ። ሳላቋርጥ ነው ያወራሁት።

የአክስቴ ስም ያለበትን ክዳን ዶክተሩ ጡረታ ሲወጡ ለእናቴ ሰጧት፤ እናቴ ለእኔ። ጠረጴዛዬ ላይ ነው። አዲስ የሚቀጠሩ ልጆች ወረቀት መያዣ እየመሰላቸው ሲያነሡት ዝም እላለሁ፤ መልሰው ሲያስቀምጡ ግን አዞረዋለሁ፤ ስሟ ሁልጊዜ ወደ በሩ ነው የሚያየው።